አምበላችን ያላየችው አጋማሽ

በኅዳር ወር ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚሄድ ሚኒባስ ስትሳፈሪ፣ ተሳፋሪው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ መስኮቱን ሁሉ ይዘጋል። ከቡና መፈልፈያዎቹ የሚመጣው የኮመጠጠ ሽታ ነው፤ የተላጠው ቀይ ቅርፊት ተከምሮ ሲቦካ የሚሸተው። እኔ አልዘጋም። ባለፈው ሳምንት አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ዝጊው እንጂ፤ አይከረፋሽም?» አሉኝ። ዘጋሁላቸው። ሽታው ግን አንዴ ገብቶ ነበርና እስክወርድ ድረስ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ተጓዝኩ።

ያኔ በዞኑ የሴቶች ሊግ ለዲላ በረኛ ነበርኩ። አባቴ ከስልጤ መጥቶ ዲላ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። እንድጫወት የፈቀደልኝ አሰልጣኛችን ሱቁ ድረስ መጥቶ፣ በረኛ ረጅም ሱሪ መልበስ እንደምትችል ስላስረዳው ነው። «ሻሿንስ?» አለ አባቴ። «ሻሿንም» አለ አሰልጣኙ። በዚህ ተስማሙ። እኔን ግብ ልትይዝ ትችል እንደሆነ የጠየቀኝ የለም፤ ደግነቱ እይዝ ነበር።

ስለ ራሴ ሳይሆን ስለ አምበላችን ነው ልነግርሽ የፈለግሁት። አጭር ናት፣ በግራ እግሯ ነው የምትመታው፤ እናቷ ዲላ ገበያ ቆጮ ትሸጣለች። ኳሷን በጫማዋ ሶል ረግጣ አቁማ፣ የምታልፋትን ተከላካይ ዓይን ዓይኗን እያየች ትስቅባት ነበር። መኪና ላይ ዘፈን የምታነሳው እሷ ናት። ከመለማመጃ ሜዳው ወደ መንገዱ የሚወጣውን ዳገት ሁልጊዜ ቀድማን የምትወጣውም እሷ ነበረች።

በዚያ ዓመት ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ አንድ ቀን ዳገቱ መሐል ላይ የጫማዋን ክር ልታስር ጎንበስ አለች። እኛ አለፍናት። በማግስቱም እዚያው ቦታ ላይ ጎንበስ አለች። በሦስተኛው ቀን ወደ ኋላ ቀርቼ አየኋት። ክሩ ታስሯል። ጣቶቿ ክሩን ይዘው ዝም ብለዋል፤ ትከሻዋ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ታስሯል እኮ» አልኳት።

«ዝም በይ» አለችኝ። ቀና ስትል ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር።

ያን ሳምንት ትምህርት ቤት ጀርባ ወስዳ ከፊዚክስ ደብተሯ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አሳየችኝ። የሆስፒታል ወረቀት ነው። በልጅነቷ የጉሮሮ ሕመም ደጋግሞ አሟት ልቧን ጎድቷታል፤ በየወሩ መርፌ መወጋት ነበረባት። መርፌው ሁለት ቀን እያነከሰች እንድትሄድ ስለሚያደርጋት ሊጉ ከተጀመረ ወዲህ ትታዋለች። ወረቀቱ ላይ መርፌው እንዳይቋረጥ፣ ስፖርትም እንዳትሠራ ተጽፏል። ሁለተኛው ነገር ከሥሩ ተሰምሮበታል።

«እናትሽ አይታዋለች?»

«ማንበብ አትችልም። እኔ አነበብኩላት።» ወረቀቱን መልሳ እያጠፈች «ደም ማነስ ነው፣ እንቁላል ትብላ ይላል አልኳት» አለች።

ደንግጬ ልነሳ ስል እጄን ያዘችኝ። ለፍጻሜው ጨዋታ አዲስ አበባ ካለ አንድ ክለብ መልማይ ይመጣል ተብሎ ነበር። «ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መርፌውንም እወጋለሁ፣ ሐኪሙንም እሰማለሁ። እስከዚያ ምስጢሬን ያዥልኝ። ማዪልኝ።»

ማልኩላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምምድ ላይ ኳሱን ትቼ እሷን ነበር የማየው። እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ወጥታ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ትመጣ ነበር። አማርኛ ያስተማራት ገበያው ነውና ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» እያለች ነው የምትጠራው። ልጇ ፊት ቆማ «ብላ፣ ብላ፣ ደም ይሆናል» ትላለች፤ እስክትውጥ ድረስ አትሄድም። አምበላችን እያኘከች በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ታየኛለች። እኔ ጓንቴን አውልቄ መልሼ አጠልቃለሁ።

የፍጻሜው ጨዋታ ፍስሐ ገነት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በጉም ውስጥ ተነሳን። ጪጩን ስናልፍ ሌላ ልጅ ዘፈን አነሳች፤ ወናጎ ሳንደርስ ዘፈኑ በራሱ ጊዜ ሞተ። አምበላችን መስኮቱን ከፍታ አፏን ወደ ውጭ አድርጋ ተቀምጣለች። የመፈልፈያዎቹ ሽታ ሲገባ ልጆቹ «ዝጊው!» እያሉ ጮኹ። አልዘጋችውም። እንደዚያ ተከፍቶም አየሩ አልበቃት ብሎ ነበር።

ልብስ የቀየርነው ትምህርት ቤት፣ አንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያለፈው ቀን ትምህርት አልጠፋም። ታኬታዋ እምቢ አላት። ክሩን ጨርሳ አውጥታ እግሯን በግድ አስገባች። የቅልጥም መከላከያዋን ላስርላት ተንበርክኬ ቅልጥሟን ስይዘው አውራ ጣቴ ሥጋዋ ውስጥ ገባ። ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ አልሞላም። እንደ ሊጥ እዚያው ቀረ። ሁለታችንም አየነው። ካልሲዋን ሳብ አድርጋ ሸፈነችው።

ሜዳው ጉብታ ላይ ነው። ሰው ጃንጥላ ዘርግቶ ዙሪያውን ከቦታል። ጉሙ ከሸለቆው እየወጣ መጥቶ ከመሐል መስመሩ ወዲያ ያለውን ሸፈነብኝ። እኔ በግቤ ብቻዬን ቆሜ የማየው ነጭ ነገር ብቻ ነው። የኳሱ ድምፅ ይሰማኛል፣ ፊሽካው ይሰማኛል፣ የሰው ጩኸት ይሰማኛል። ጩኸቱ ድንገት ባቆመ ቁጥር ወድቃለች እላለሁ።

ከዚያ ሕዝቡ በአንድ ላይ ጮኸ። ረጅም ጩኸት ነው። ጎል ይሁን ሌላ ነገር ይሁን ማወቅ አልቻልኩም። ቋሚውን ይዤ ጠበቅሁ። መጀመሪያ ሁለት ልጆች እየዘለሉ ከጉሙ ወጡ። ቀጥሎ እሷ ወጣች፤ አትዘልም፣ ትራመዳለች። አግብታለች። መሐል መስመሩ ላይ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ጣል አድርጋ ቆመችና ወደ እኔ አየች። ሳቀች። ዛሬም ድረስ ያን ሳቅ ማየት እችላለሁ፤ የፊቷ ቀለም ግን የአመድ ነበር።

በእረፍት ሰዓት ብርቱካን ሲታደል ከመሐላችን ጠፋች። ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ አገኘኋት፤ ግድግዳውን ተደግፋ ትስላለች። መሐረቡን ልትደብቅ ሞከረች፤ ቀላ ያለ አረፋ ነበረበት።

«አርባ አምስት ደቂቃ» አለች። ቃሉን ለሁለት ቆርጣ ነው የተናገረችው፤ ትንፋሿ አልደረሰላትም። «አርባ አምስት ደቂቃ ብቻ።»

ዞሬ ሄድኩ። ከኋላዬ በስሜ ጠራችኝ፤ ወደ አሰልጣኛችን እየሄድኩ እንደሆነ ገብቷት ነበር። አልዞርኩም።

«ኮች፣ ልቧን ታማለች። እንዳትጫወት ሐኪም ጽፎላታል።»

አሰልጣኛችን የያዘውን ብርቱካን ጣለው። «መቼ ነው ያወቅሽው?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ወደ እሷ ሮጠ። አንገቷ ላይ ጣቱን አሳረፈ፣ መሐረቡን ከእጇ ነጥቆ አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ የአምበልነቱን ጨርቅ ከክንዷ ፈታ። አለቀሰች፣ ለመነችው፣ ሰደበችው። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች።

«ኳስ መያዝ ትችያለሽ» አለችኝ። «አፍሽን መያዝ ነው ያቃተሽ።»

ሁለተኛውን አጋማሽ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥታ ነው ያሳለፈችው። ሦስት ጎል ገባብኝ። መልማዩ ማስታወሻውን ይዞ መጥቶ «ያቺ ግራኟ የታለች?» ብሎ ጠየቀ። በመጨረሻ ሌላ ልጅ መርጦ ሄደ።

አሰልጣኛችን ከዚያው በቀጥታ ዲላ ሆስፒታል ወሰዳት፤ አስተኟት። በማግስቱ እናቷ በሩ ላይ አገኘችኝ። ተቆጥታ አልነበረም፤ ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«አንተ ታውቃለህ?» አለችኝ። «እንቁላል ሲበላ፣ አንተ ቆመህ ታያለህ?»

«እማማ፣ ምዬላት ነው…»

«ታያለህ» አለች ደግማ፤ ገባች።

በልጅቷ ዓይን ቸኩዬ፣ በእናትየዋ ዓይን ደግሞ ዘግይቼ ነበር የተናገርኩት። ሐኪሙ ያን ቀን ብትቀጥል ሜዳ ላይ ትቀር ነበር ማለቱን አሰልጣኛችን ነገረኝ፤ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው። እኔ ግን ሌላውን ሒሳብ ነበር የማስበው፤ ወረቀቱን ያየሁ ዕለት ብናገር ኖሮ የሚለውን። አሁን የምኖረው በማስተማር ነው። ሴት ልጆች ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ሮጠው ሲመጡ ከሁሉ በፊት ከንፈራቸውን ነው የማየው። «ቲቸር ምን ታያለች?» ይላሉ እየሳቁ።

አምበላችን በዚያው ክረምት፣ የአዲስ አበባ የቀዶ ሕክምና ተራዋን እየጠበቀች አረፈች። በአባቷ መሬት ላይ፣ በእንሰቱና በቡናው መሐል ተቀበረች። ከፍስሐ ገነቱ ቀን ጀምሮ ሰባት ወር ሙሉ ልታናግረኝ አልፈለገችም፤ በየሳምንቱ ቤቷ እሄዳለሁ፣ «ተኝታለች» እባላለሁ፣ እመለሳለሁ።

ከማረፏ በፊት አንድ ቀን ብቻ፣ በሰኔ ከሰዓት በኋላ፣ እናቷ በዝናብ ራሷ ሱቃችን መጣች። አባቴን «ልጅህን ስጠኝ፤ ልጄ ይፈልጋል» አለችው። አባቴ ጃንጥላውን ሰጠን፤ በአንድ ጃንጥላ ሥር ተጠጋግተን ሄድን።

አምበላችን ተጋድማ መተኛት ስለማትችል ትራስ ተደራርቦላት ተቀምጣ ነበር። በጣም ቀጥናለች፤ ሆዷና እግሯ ብቻ አብጧል። አጠገቧ ያለውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገችው። ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት አቋረጠችኝ።

«ሁለተኛውን አጋማሽ ንገሪኝ» አለች። «ማንም አይነግረኝም።»

ነገርኳት። ምንም አልደበቅሁም። የመጀመሪያው ጎል ከማዕዘን ምት እንደገባ፣ ሁለተኛው ቋሚውን መትቶ እንደገባ ነገርኳት። ሦስተኛው ቀስ ብሎ እየተንከባለለ መጥቶ በእግሮቼ መሐል እንዳለፈ፣ ዞሬ ስሮጥ ሱሪዬን ረግጬ እንደወደቅሁና ከኳሱ ጋር አብሬ መረቡ ውስጥ እንደገባሁ ስነግራት፣ ሳቋ መጣ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ፈርቼ ዝም አልኩ።

«ቀጥዪ» አለች፣ እጄን ጨብጣ።

ስንት ደቂቃ እንደቀረን፣ ማን ማንን እንደቀየረ፣ ዝናቡ መቼ እንደጀመረ እያልኩ ቀጠልኩ። ድምፄን ዝቅ እያደረግሁ ስሄድ ራሷ ቀስ ብሎ ትከሻዬ ላይ ዘንበል አለና እንቅልፍ ወሰዳት። እናቷ በር ላይ ቆማ ታየን ነበር። ገባች፣ ነጠላዋን አውርዳ በሁለታችን ላይ ጣለችው፤ ከዚያ አልጋው እግር ሥር ተቀመጠች። ክንዴ ደንዝዟል። እስኪመሽ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።