አስራ አንድ ኮሌጅ የናቀው ልብ

"ማን ሞተብሽ?" አሉ ሚስ ኮሞ፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው።

"ማንም አልሞተብኝም" አለች ሬኔል ጊሎሪ።

የኮሌጁ አማካሪ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጨለመ። ክፉ ሴት ሆነው አይደለም። ብዙ የድሃ ልጅ ሐኪም ያደረጉ ሴት ናቸው፤ መንገዱን ስለሚያውቁት ነው የጠየቁት። ሕክምና መማር የፈለገ ሰው የኮሌጅ አራት ዓመቱን ጨርሶ ለሕክምና ኮሌጅ ሲያመለክት፣ ከውጤቱ ጋር ስለ ሕይወቱ ጽፎ ያስገባል። ውጤቱ ያማረለት ያሻውን ይጽፋል። ውጤቱ የተበላሸበት ግን ሐዘን ማቅረብ አለበት። በማመልከቻ ሰሞን በአሜሪካዋ ሉዊዚያና ውስጥ በወረቀት ላይ የሚሞተውን አያት ብዛት ያየ ሰው፣ ወረርሽኝ የገባ ይመስለዋል።

የሬኔል የሁለተኛ ዓመት ውጤት ደግሞ ሐዘን የሚጠይቅ ነበር። ኬሚስትሪው ሲ፣ ባዮሎጂው ሲ፣ ፊዚክሱማ ባይነሳ ይሻላል። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ትሮምቦን የሚባለው ረጅም የነሐስ መለከት። ሬኔል የተማረችው በጥቁሮች ኮሌጅ ነው፤ እዚያ የማርሽ ባንድ ውስጥ የገባ ሰው ከሰዓት በኋላው የሱ አይደለም፣ ቅዳሜው የሱ አይደለም፣ ከንፈሩም የሱ አይደለም። እሷ ሁሉንም ወዳ ሰጠች። በኳስ ጨዋታ እረፍት ላይ ሁለት መቶ ሰው ሜዳ ገብቶ እኩል ጉልበቱን ሲያነሳ፣ እኩል ሲነፋ፣ ከዚያ የሚበልጥ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስላትም ነበር። የትውልድ ከተማዋ የኦፔሉሳስ ጎረቤቶቿ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ብለው አሟት። እሷ ግን የብብቷ የትኛው፣ የቆጡ የትኛው እንደሆነ ከነሱ ጋር አልተስማማችም።

"እስቲ ረጋ ብለሽ አስቢ" አሉ ሚስ ኮሞ። "በዚያ ዓመት ቤታችሁ የታመመ የለም?"

"አባቴ ልቡን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር።"

"ታዲያ!" አሉ ሴትዮዋ፣ የጠፋ ቁልፍ እንዳገኘ ሰው።

"ግን እሱ የታመመው ውጤቴ ከወጣ በኋላ ነው።"

"ልጄ፣ ማን ወር ይቆጥራል?"

ሬኔል ጻፈች። ፈርታ ነበር፣ ጻፈችው። በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እንደተንከራተተች፣ መጽሐፏ በእንባ እንደራሰ፣ ሁሉንም ጻፈች። እውነቱን ለመናገር አባቷን ልትጠይቅ የሄደችው ከልምምድ ስትመለስ ትሮምቦኗን ይዛ ነበር፤ ነርሶቹም እሷን ከነትሮምቦኗ አስወጥተዋታል። ጽሑፉ አስራ አንድ የሕክምና ኮሌጅ ገባ። አስራ አንዱም አልፈለጓትም።

አባቷ አልሲድ የተማሪ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ድምፁ ከሞተሩ የሚበልጥ ሰው ነው። የመጨረሻው መልስ የመጣ ቀን ሰኞ ነበርና፣ እንደ አገሩ የሰኞ ልማድ፣ ቀይ ቦሎቄ እያማሰለ ነበር። ማማሰያውን ደረቱ ላይ ጠቆመ።

"ይኼን ልብ ሦስት ቱቦ ቀይረውለታል። አስራ አንድ ቦታ ተልኮ አንድ የሚፈልገው ጠፋ። ሥጋ ቤት ብትወስጂው ይሻልሽ ነበር።"

ሬኔል ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። ያበሳጫት መውደቋ ብቻ አልነበረም። ይህ ሰው ያን ዓመት አንድም ጨዋታ ሳይቀር ባንዱን በመኪናው ተከትሎ የጮኸላት ሰው ነው። እሷ ደግሞ ሄዳ ወረቀት ላይ የውድቀቷ ሰበብ አደረገችው።

"ሁለተኛ አንተን አላነሳም" አለችው።

"ምን አድርጌሽ?"

"ምንም። ምንም ስላላደረግህ ነው።"

ከዚያ በኋላ ያየችው መንገድ ካልፈለጓት አንዱ የሆነው የኒው ኦርሊንስ የሕክምና ኮሌጅ የሚሰጠው የአንድ ዓመት የጤና ሳይንስ ማስተርስ ነበር። ትምህርቱ እንዲህ ነው፤ የማስተርስ ተማሪው ከአንደኛ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች ጋር አንድ አዳራሽ ይገባል፣ አንድ መምህር ይሰማል፣ አንድ ፈተና ይፈተናል። ከነሱ እኩል ከሆነ ዓመቱ ሲያልቅ ኮሌጁ ራሱ ለቃለ መጠይቅ ይጠራዋል። ካልሆነ ግን አለቀለት።

"እዚያ ሲ ካመጣሽ ዳግመኛ የሚያይሽ የለም" አሏት ሚስ ኮሞ። "ሌላም ጥሩ ጥሩ ሙያ አለ እኮ።"

"አለ። እኔ የምፈልገው ግን ይኼኛውን ነው።"

የመጀመሪያው ቀን አዳራሹ ውስጥ ስትገባ የሕክምና ተማሪዎቹ ስማቸው የተጠለፈበትን ነጭ ጋዋን እንደለበሱ ከፊት ሞልተውታል። የሚያስፈልግ ሆኖ አይደለም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለመስማት ጋዋን ምን ያደርጋል? ማስተርሶቹ ከኋላ ተኮልኩለዋል። ሬኔል ሰተት ብላ ሄዳ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ አለች።

"ይቅርታ፣ ማስተርሶቹ ከኋላ ናቸው" አላት ከጎኗ የተቀመጠው ባለ ጋዋን።

"ለምን?"

"ልማድ ነው።"

"ማን አስለመደህ?"

ልጁ ቦርሳውን ሰብስቦ ጠጋ አለላት። ዓመቱን ሙሉ ከዚያ ወንበር አልተነሳችም።

ወንበር ግን ፈተና አያልፍም። የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ሲወጣ ሬኔል ከሕክምና ተማሪዎቹ አማካይ በታች ሆነች። በታች ማለት ደግሞ ወደ ኦፔሉሳስ መመለስ ማለት ነው። ከጎኗ የሚኖረው ቪን የሚባል ማስተርስ፣ የሽሪምፕ አጥማጆች ልጅ፣ የጥርስ ሐኪም መሆን የሚመኝ፣ ከሷም ባሰ ነበር። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘችው።

"ተነስ" አለችው።

"ወዴት?"

"መኪና ማቆሚያው ጋ። ሌሎቹንም ጥራ።"

ባንድ ውስጥ ደንቡ የታወቀ ነው። አንድ ሰው እርምጃ ከሳተ ሁለት መቶው ከመጀመሪያው ይጀምራል። የሚቆጣ የለም፣ የሚያባብልም የለም፣ ይጀመራል። ሬኔል አራት ማስተርሶችን በሰልፍ አቁማ ከአንጎል የሚወጡትን ነርቮች በእርምጃ አስቆጠረቻቸው። አንዱ ሲሳሳት ሁሉም ተመልሰው ከጫፍ ይነሳሉ።

"ለራስ ቅል ነርቭ እግሬ ምን አገባው?" አለ ቪን እያለከለከ።

"አፍህ ስለሰነፈ እግርህ ያግዘው። ከመጀመሪያው!"

ከአዳራሹ የሚወጡት ባለ ጋዋኖች ቆመው ሳቁባቸው፤ አንዱማ በስልኩ ቀረጻቸው። ይቅረጽ። በሁለተኛው ፈተና እሷም አራቱም አማካዩ ላይ ደረሱ፤ በሦስተኛው ሬኔልና ቪን አለፉት። ያኔ ከባለ ጋዋኖቹ ሁለቱ መጥተው ሰልፉ ውስጥ መግባት ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። ሬኔል ከኋላ አሰለፈቻቸው። ልማድ ነው አለቻቸው።

አዲሱን ማመልከቻ ስትጽፍ የአባቷን ልብ አላነሳችም። "በሁለተኛ ዓመት ውጤቴ የወረደው ጊዜዬን ለማርሽ ባንድ ስለሰጠሁ ነው" ብላ አስገባች። ሚስ ኮሞ በስልክ ጮሁባት።

"አብደሻል? በደስታ የወደቀ ሰው ማን ይቀበላል? በዚያ ላይ የድሮውን ጽሑፍሽን ይዘውታል። ከጠየቁሽ ሁለቱም ነው በይ። አባቴም ታሞ፣ ባንዱም ነበረብኝ በይ። ገባሽ?"

"ገባኝ" አለች ሬኔል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ ሁለቱም ጽሑፎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተዘርግተው ጠበቋት። ጠያቂዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንድ ዝምተኛ ሰውዬና ዶክተር ፕሩደንስ ዌለር። ዶክተሯ የልብ ቀዶ ሐኪም ናቸው።

"ባለፈው ስለ አባትሽ ያልሽውን ሳነብ አልቅሼ ነበር" አሉ ዶክተሯ። "አልተቀበልንሽም፤ ግን አልቅሻለሁ። ዘንድሮ አባትሽ የሉም። ትሮምቦን ነው ያለው። የቱን ልመን?"

የሚስ ኮሞ መውጫ ከፊቷ ነበር፤ ሁለቱም ነው ብትል ማንም አይመረምራትም። ሬኔል ግን በመኪና ማቆሚያ የከረመችው ለዚህ አልነበረም።

"አባቴ መታመሙ እውነት ነው። በሱ ምክንያት ወደቅሁ ማለቴ ውሸት ነው። እሱ ሆስፒታል ሲገባ ሲዎቼን ተቀብዬ ጨርሼ ነበር።"

ዝምተኛው ሰውዬ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ለምን ዋሸሽ?" አሉ ዶክተሯ።

"ፈርቼ። ሰው ካልሞተብን አታነቡንም ተባልኩ፣ አመንኩ።"

"አሁንስ አትፈሪም?"

"አሁንም እፈራለሁ። ግን ሁለተኛ አባቴን አላሳብብም። ትሮምቦኑን ወድጄ ነው የነፋሁት፤ በሱም አልጸጸትም። የምጸጸተው በጽሑፉ ነው።"

"አንዴ ዋሽተሽናል፤ አሁን በምን እንመንሽ?"

"እኔን አትመኑኝ። ዘንድሮ የተፈተንኩት የእናንተን ተማሪዎች ፈተና ነው፤ ያረማችሁትም እናንተው ናችሁ። እሱን እመኑ።"

ዶክተሯ ሁለቱን ጽሑፎች ሰበሰቡ። "እዚህ ብትገቢ ትሮምቦኑን ታቆሚዋለሽ?"

"አላቆምም።"

"ጊዜ አይኖርሽም።"

"ዘንድሮም አልነበረኝም። እሑድ እሑድ እነፋለሁ። ጎረቤቴን ቪንን ይጠይቁት፣ በጣም ይጠላዋል።"

ሰውዬው ሳል የመሰለ ነገር አሰማ። አመስግነው አሰናበቷት። ሬኔል ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና አባቷ ጋ ደወለች። ሁሉንም ነገረችው። አልሲድ ጊሎሪ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ዋሽቻለሁ አልሻቸው?" አለ።

"አዎ።"

"ልቤስ?"

"መልሼልሃለሁ፣ አባዬ።"

"እሺ" አለ፤ ድምፁ ትንሽ ተሰበረ። "እንግዲህ ካልወሰዱሽ እነሱው ይታመሙ።"

ወሰዷት።

በነሐሴ አዲሶቹ ተማሪዎች ጋዋን የሚለብሱበት ቀን ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል። መድረክ መሪው ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀ፤ ስም ሁሉ ተጠርቶ እስኪያልቅ ማንም እንዳያጨበጭብ። ቤተሰቡ ሁሉ በጨዋነት እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። አልሲድም ተቀመጠ፤ ከእግሩ ሥር ያለውን ጥቁር ሳጥን ግን ያስተዋለው አልነበረም።

ጋዋን የሚያለብሱት ዶክተር ዌለር ነበሩ። "ሬኔል ጊሎሪ" ተባለ። መሃል መድረኩ ላይ ስትደርስ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ ተነሳ። አልሲድ ትሮምቦን መንፋት አያውቅም፤ ድምፁ እንደ አህያ ጩኸት ነበር፤ ግን ረጅም፣ ወፍራም፣ ማቆሚያ የሌለው። መድረክ መሪው እጁን አወናጨፈ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። አልሲድ ጉንጩ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ፈጥጦ፣ ቆሞ ይነፋል።

ዶክተር ዌለር ጋዋኑን በእጃቸው እንደያዙ ወደ ሬኔል ጠጋ አሉ።

"ይኼ ነው ያ ልብ?"

"እሱ ነው።"

ዶክተሯ ጋዋኑን ትከሻዋ ላይ ከማድረጋቸው በፊት፣ አልሲድ ነፍቶ እስኪጨርስ ቆመው ጠበቁ።