ጋሼ ደስታ የከተፉት ዝናብ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ እናዘዛለሁ። የእማዬን መክተፊያ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

የአርት አስተማሪያችን የጃፓኖችን የእንጨት ህትመት አሳየችን፤ መንገደኞች በዝናብ ድልድይ ሲሻገሩ። "እናንተም ሰፈራችሁን እንጨት ላይ ቅረጹና አትሙ" አለች። እንጨት ሳጣ ወጥ ቤት ገባሁ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰፈራችን ፓርክዴል ላይ ጃንጥላ ይዘው ስትሪትካር የሚሉትን የመንገድ ባቡር የሚጠብቁ ሰዎች ቀረጽኩ። ዝናቡን ብቻ ተውኩት። ያን ሁሉ ቀጭን መስመር ማን ቁጭ ብሎ ይቀርጻል?

ማስረከቢያው ነገ ነው። ዛሬ እንጨቱን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ቀለም ላመጣ ሄድኩ። ስመለስ የአባዬ ጓደኛ ጋሼ ደስታ ሽንኩርት እየከተፉበት ነው።

"ጋሼ፣ እሱ እኮ ሥዕል ነው።"

"መክተፊያ ላይ ምን ሥዕል አለ? ለነገሩ ጎርበጥ ማለቱ ጥሩ ነው፣ ሽንኩርቱ አይንሸራተትም።"

እንዳልጮህ እማዬ ትሰማለች። እንባዬን በሽንኩርቱ አሳብቤ እንጨቱን አጠብኩት፣ ቀለም ቀብቼ ወረቀት ላይ አተምኩት።

የቢላው ጭረት ሁሉ ቀለም ሳይነካው ነጭ መስመር ሆኖ ወጣ። ሰዎቼ ላይ ሰያፍ ዝናብ ወረደባቸው። የሚያናድደው ደግሞ፣ ከሥዕሉ ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው።

ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩትና "ከዝናቡ ሥር የእኔን ስም ጻፍ" አሉኝ። የሦስት ሳምንት ልፋቴን በአንድ ራስ ሽንኩርት በለጡት።

እናንተስ ቤት፣ ሥራችሁን አበላሽቶ ምስጋና የጠየቀ ትልቅ ሰው አለ? ጻፉልኝ እስኪ፣ ብቻዬን አልናደድ። እኔም አሁን መክተፊያውን ቀስ ብዬ ወደ ቦታው...

"ሄኖክ፣ ና እስቲ። መክተፊያዬ ላይ ጃንጥላ ይዞ የቆመው ሰውዬ ማነው?"