አምስት ሰው የሚፈልግ ቅዳሴ

ደብረ ብርሃን አስተምራለሁ፤ ከማስተማር የተረፈችኝን ሰዓት የዶክትሬት ጥናቴ ይበላታል። የማጠናው ለእኛ ቅርብ የሚባሉትን የጋላክሲ ዘለላዎች ነው። ቅርብ ሲባል እንኳ ብርሃናቸው እኛ ዘንድ ለመድረስ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። በእንዲህ ያለ ቅርበት ዕድሜዬን መጨረሴ አንዳንዴ ያናድደኛል።

ዘለላው ከዳር ያሉትን ጋላክሲዎች ወደ ራሱ እየሳበ ያድጋል። አዲስ ገቢው ግን በመካከላቸው በሞላው ትኩስ ጋዝ ውስጥ ሲከንፍ የራሱን ቀዝቃዛ ጋዝ ይገፈፋል። አዲስ ኮከብ የሚሠራው ከዚያ ቀዝቃዛ ጋዝ ነበር፤ ከተገፈፈ ኮከብ መሥራቱን ያቆማል። የትኛው መቼ እንደተገፈፈ ለመለየት ስክሪን ላይ አፍጥጬ ዓይኔ ደከመ።

ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ በሚኒባስ ወደ አንኮበር እሄዳለሁ። አባቴ ከጎረቤላ አለፍ ብላ ባለች የገጠር ደብር ቄስ ናቸው። ለቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል። የደብሩ ዲያቆናት ለፋብሪካ ሥራ አንድ በአንድ ከተማ ገብተው ሁለት ብቻ ቀሩ፤ ሦስተኛው እኔ ነበርኩ።

በጥር ወር፣ በአንዱ ሐሙስ፣ እኔና እጮኛዬ ማዘጋጃ ቤት ሄደን ፈረምን። ሽማግሌ መላኩ፣ ድግሱ፣ ቀጠሮው ሁሉ ሰልችቶን ነበር። ያለ ተክሊል ያገባ ዲያቆን ክህነቱ እንደሚፈርስ አልጠፋኝም። እስክሪብቶውን ስይዝ ግን ያሰብኩት ስለ እረፍት ብቻ ነው።

ቅዳሜ እንደደረስኩ ለአባቴ ነገርኳቸው።

«አባ፣ ነገ መቅደስ አልገባም። በፊርማ አግብቻለሁ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ከዚያ፣ ሁልጊዜ ስለ ጥናቴ እንደሚጠይቁኝ፣

«እነዚያ ኮከብ መሥራት ያቆሙት ወዲያው ይጠፋሉ?» አሉኝ።

«የለም አባ። ያረጁት ኮከቦች ቀስ ብለው ነው የሚነዱት፤ ብዙ ዘመን ያበራሉ።»

«እንግዲያው ቅዳሴው ይቅርና የጠዋቱን የኪዳን ጸሎት እናደርሳለን። ለጸሎቱ እኛ ሁለት ሽማግሌ ቄሶች እንበቃለን።»

እሑድ ኪዳኑ አልቆ ሕዝቡ ሲበተን፣ ሕፃን ልጇን ልታቆርብ ከሩቅ የመጣች እናት ልጁን እንደታቀፈች አባቴ ዘንድ ቀረበች። ልጁ ለቁርባኑ ሲባል ጡት ሳይጠባ ስላደረ ያለቅሳል።

«አባቴ፣ ዛሬ አይቀደስም?»

«ሰው ጎድሎብን ነው፤ ይቅር በይን» አሏት። ማን እንደጎደለ አልነገሯትም። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።