በጌም ለገጨሁት ሰው የተቀመጠ ሽምግልና

ከአሰላ በወጣሁበት ማታ እስከ ቦሌ መኪናውን የነዳሁት እኔው ነበርኩ። ሌላው ስደተኛ ዘመድ ይሸኘዋል፤ እኔ ሸኚዎቼን አሳፍሬ፣ ጎማ በእግሬ መትቼ፣ መስታወት ወልውዬ፣ ልክ ወደ አዳማ ተሳፋሪ እንደማደርስ ሰው ተሰደድኩ። ታናሽ ወንድሜ አባዱላ ሚኒባሴን ሊመልስልኝ ከኋላ ተቀምጧል። እህቴ ፈቲያ ለሙና የተላከውን በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በቆርቆሮ አቅፋለች። ሙና ባለቤቴ ናት፤ በነርስነት ቀድማኝ ጀርመን ገብታ ወረቀቴን የጨረሰችልኝ እሷ ናት። አባቴ ጋቢና አጠገቤ ነበር።

ዴራ ስንደርስ እንደ ልማዱ "ቀስ በል" አለኝ። ቀስ ብዬ ነበር፤ ቢሆንም ዝም አልኩት፤ ዴራ ላይ ለአባቴ መልስ አይሰጥም። እኔ ልጅ ሳለሁ ከጢቾ በጭነት መኪና ገብስ ጭኖ ወደ አዳማ ሲወርድ እዚያው ከተማ መግቢያ ላይ አንድ ሽማግሌ ገጭቶ ነበር። አልሮጠም። ወርዶ፣ ሰውየውን በክንዱ ታቅፎ ጤና ጣቢያ አደረሳቸው፤ እሳቸው ግን አልተረፉም። ከዚያ በእግሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጠ። ሽማግሌዎች በሁለቱ ቤተሰብ መካከል ብዙ ተመላለሱና ጉማ ተከፈለ። ጉማ በእኛ ዘንድ የደም ካሣም እርቅም ነው፤ የገዳይ ጎሳ በሙሉ ያዋጣል፣ የሟች ወገን ይቅር እስኪል ድረስም ማንም አርፎ አይተኛም። አባቴ ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም። እኔን መንዳት ሲያስተምረኝ ግን ማርሽ ከመቀየር በፊት ያስተማረኝ ይህንን ነው፤ መግጨት ከአላህ ሊመጣ ይችላል፣ መሮጥ ግን ከራስህ ነው።

ጀርመን ስገባ ያስደነገጠኝ አገሩ አርሲን መምሰሉ ነው። ብርዱ ለአሰላ ልጅ ብርቅ አይደለም። ስንዴው ያው ስንዴ ነው፣ ኮምባይነሩም በበቆጂ ማሳ ላይ የማውቀው ነው። ሰዉ ነው ያልመሰለኝ። ጎረቤቴን ደረጃ ላይ ሳገኘው በጨዋ ደንብ እንዳደገ ሰው ቆሜ ስለ ጤናው፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ አዳሩ ልጠይቅ ስጀምር እሱ "ሃሎ" ብሎ በሩን ዘግቷል። እርጎአቸው ደግሞ ስኳርና እንጆሪ አለበት፤ ይህን ለእናቴ በስልክ ብነግራት ወተቱን ያበላሹት መስሏት አዘነችላቸው።

እኔ ግን እርጎም ሰላምታም አልጎደለኝም፣ መሪ ነው የጎደለኝ። ፉረርሻይን የሚሉትን መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ቴርሚን የሚሉትን ቀጠሮ ይዤ ቢሮ ሄድኩ። ሴትየዋ የእኛን አገር መንጃ ፈቃድ በሁለት ጣት ይዛ ገለባበጠችው። ይህ እዚህ አይሠራም፣ ፈተና ከእንደገና ነው አለችኝ። በአማርኛ አለ ወይ ብላት የለም፤ በኦሮምኛስ ብላት እንደዚህ የሚባል ቋንቋ መኖሩን ጠየቀችኝ። ከዚያ ስሜን አየችና ፊቷ በራ።

"አረብኛ ታነባለህ?"

"አነባለሁ።"

"በአረብኛ አለ።"

"አነባለሁ እንጂ አልረዳውም።"

ብዕሯን አስቀመጠች። የማይረዱትን ቋንቋ ማን ያነባል አለችኝ። አሰላ ያለ የሙስሊም ልጅ ሁሉ በሕፃንነቱ ቁርአን እንዲህ እንደሚቀራ በእኔ ጀርመንኛ ማስረዳት አልተቻለም። በአረብኛ ተፈተንኩ፤ ፊደሉን አንዱንም ሳልስት አንብቤ ወደቅሁ።

አባቴ በየጁምዓው ከሶላት በኋላ ይደውላል። የመጀመሪያ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ምን ትነዳለህ? ጊዜው ሲረዝም አውቶቡስ አልኩት። የከተማ አውቶቡስ፣ ረጅም፣ መሀሉ የሚተጣጠፍ። ደስታው በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ። እውነቱ ግን ሙና ጠዋት ስትወጣ ምሳዋን የምቋጥር፣ ማታ ስትመለስ ራት የማሞቅ፣ በመሀሉ መስኮት የምጠብቅ ሰው ነበርኩ። አፈርኩ፤ ያፈርኩትን ለመሸፈን ደግሞ ለአውቶቡሱ መስመር ቁጥር ሁሉ አወጣሁለት።

እዚህ ላይ ግርማ ይገባል። ግርማ የአቦምሳ ልጅ ነው፣ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራል፣ መጋዘን ውስጥ ተራ በተራ ፈረቃ ይሠራል። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ፕሌይስቴሽን ገዝቶ መጣና ናና ንዳ አለኝ። አሰላ ጌም ቤት በር ላይ ሰው ሳወርድ ኖሬአለሁ እንጂ ገብቼ አላውቅም፤ ጌም ማለት ኳስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ይህኛው ሌላ ነው። አሮጌ ነው፣ ግርማ እንደሚለው ግን ዛሬ ያሉት ሁሉ የእሱ ልጆች ናቸው። ከተማው በሙሉ ክፍት ነው። እዚህ ጀምር እዚህ ጨርስ የሚልህ የለም፤ ያየኸውን መኪና በር ከፍተህ፣ ባለቤቱን ጎትተህ አውርደህ፣ ወደ ፈለግህበት መንዳት ነው።

እኔ ባለቤቱን ማውረድ ስለከበደኝ ቆሞ የነበረ መኪና ወሰድኩ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተላቀቀ። ዓመት ሙሉ ያልነዳሁ ሰው ነኝ። ባሕር ዳር ያለ ሰፊ መንገድ፣ ዘንባባ፣ ፀሐይ መግቢያ። ቀይ መብራት ላይ ቆምኩ። ግርማ ማንን እንደምጠብቅ ጠየቀኝ። አረንጓዴ ሲበራ ተነሣሁ፣ ወደ ግራ ስታጠፍ አንዲት ሴትዮ ከእግረኛ መንገድ ወረዱብኝ፤ ፍሬኑ በየትኛው ቁልፍ እንደሆነ ሳስብ ገጨኋቸው።

ቆምኩ። ወረድኩ። አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። ግርማ "ምን ሆነሃል፣ ሩጥ እንጂ" ይለኛል፤ እኔ ፖሊስ ጣቢያው የት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ጣቢያውን ላጠቃ መስሎት በደስታ መንገዱን አሳየኝ። በር ላይ መኪናውን በሥርዓት አቁሜ፣ ወርጄ፣ በእግሬ ወደ ፖሊሶቹ ሄድኩ።

"እጅ መስጫው የትኛው ነው?" አልኩት።

"ምን?"

"እጅ መስጫ ቁልፉ።"

"እጅ መስጫ የለውም" አለና ከሶፋው ላይ ወደቀ። እሱ ሲስቅ ፖሊሶቹ ተኩሰው ገደሉኝ።

ያን ቀን ያፈርኩት ገጠሬ መሆኔ ስለታወቀብኝ ነው። ግርማ ለአገር ልጅ ሁሉ አወራው፣ ባገኙኝ ቁጥር እጅ መስጫውን አገኘኸው ወይ ይሉኛል። ላሳያቸው ብዬ በማግስቱ ተመለስኩ፣ በሦስተኛውም ተመለስኩ። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ ታውቃላችሁ። ወር ሳይሞላ ቀይ መብራት የሚባል ነገር አላየሁም፤ እግረኛ መንገድ ላይ ወጥቼ ሰው እንደ ገለባ ስበትን እኔው ራሴ ከግርማ በላይ እስቃለሁ።

አንድ ጁምዓ ስልኬ ጮኸ። እየነዳሁ ስለነበር በአንድ ጣቴ ድምፅ ማጉያውን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። "አባ፣ እየነዳሁ ነው" አልኩት፤ ለዚያች ቀን እንኳ ያልዋሸሁ መሰለኝ። ሞተሩን ሲሰማ ደስ አለው፣ እንዲያውም ማርሽ ቀይር አለኝ። ወዲያው አንድ ባለ ከዘራ ሽማግሌ መንገዱ ላይ ወጡ። ግርማ ከስልኩ በላይ ጮኸ።

"ሽማግሌውን ገጨሃቸው! እንዳትቆም፣ ንዳው!"

ነዳሁት፣ ሳቅሁም። ዞር ስል ስልኩ ተቋርጧል። መልሼ ብደውል አልሠራ አለ፤ የአሰላ ኔትወርክ ነው ብዬ ወደ ጨዋታዬ ተመለስኩ። ይህንን ስጽፍ እጄ ያፍራል።

ከሁለት ቀን በኋላ ፈቲያ ደወለች። እያለቀሰች ከእስር ቤት ለቀቁህ ወይ አለችኝ። አባቴ ከጁምዓ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ቤታችን በሽማግሌ ተሞልቷል። ሟቹ የማን ልጅ ነው፣ ጎሳው ማን ይባላል፣ ጀርመን ለሽማግሌ ቃል ይገዛል ወይ፣ እየተባባሉ ተቀምጠዋል። አባቴ ያኔ የገጫቸው ሰውዬ የበኩር ልጅም ወሬውን ሰምተው ከዴራ መጥተዋል። የእኛ ነገር በእርቅ አልቋል፣ ዛሬ አንተ ብቻህን አትለምንም፣ ለልጅህ እኔም እቆማለሁ ብለውታል። ፈቲያ ይህንን ስትነግረኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ስልኩን ለአባቴ እንድትሰጠው ነገርኳት።

"አባ፣ የሞተ ሰው የለም።"

"ተረፉ?"

"ሰውየው አልነበሩም። ጌም ነው። ቴሌቪዥን ላይ የሚነዳ መኪና ነው።"

 ከኋላው ሽማግሌዎቹ ሲያስሉ ይሰማኛል።

"አውቶቡሱስ?"

"አውቶቡስም የለም። መንጃ ፈቃድ አልሰጡኝም፣ ቤት ነው የምውለው። ዋሽቼሃለሁ።"

"አልሐምዱሊላህ" አለ። ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ስልኩን ዝቅ አድርጎ የሞተ ሰው እንደሌለ ለሽማግሌዎቹ በኦሮምኛ ነገራቸው። ቤቱ በምስጋና ተሞላ፤ እኚያ የዴራው ሰውም ዱዓ ሲያደርጉልኝ፣ ስሜን ሲጠሩ ሰማሁ። ከዚያ አባቴ ወጣ መሰለኝ፣ ጫጫታው ራቀ።

"ኢልመ ኮ" አለኝ፤ ልጄ ሲለኝ በኦሮምኛ ነው። "የአውቶቡሱን ነገር ሌላ ቀን እናወራዋለን። መንጃ ፈቃድም ይገኛል። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ስትገጫቸው ስቀሃል። ያኛው ልጅ አይደለም፣ አንተ ነህ፤ ድምፅህን አውቀዋለሁ። ምኑ ነው ያሳቀህ?"

 ኔትወርኩ እንዲቋረጥ ጠበቅሁ፤ ያን ቀን ግን መስመሩ ጥርት ያለ ነበር፣ አባቴም አልዘጋም።