የአቧራ ወተት

ግማሽ ሊትር የፌስታል ወተት ባየሁ ቁጥር ቅናት ዛሬም አንጀቴን ያሳርረዋል።

ልጅ ሆኜ፣ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ ቤታችን ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ ነበር። ከአጥራችን ወዲያ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ቦሎቄ የሚበጠርበት መጋዘን አለ። ማሽኑ ሲነሳ አቧራው እየተትጎለጎለ ሰፈሩን ያለብሰዋል። ቦሎቄው ተበጥሮ፣ ተለቅሞ መርከብ ይሳፈራል፤ አቧራው ለእኛ ይቀራል። አልዋሽም፣ ነጭ ልብስ አስጥተን ቡኒ እናስገባ ነበር፤ የጎረቤታችን ጥቁር ድመት እስከ ዕለተ ሞቷ ግራጫ መስላን ኖራለች።

የጓደኛዬ የሙሉጌታ እናት፣ እትዬ ዘነበች፣ እዚያ ለቃሚ ነበሩ። አቧራ የዋጠን ደረት ወተት ያጥበዋል ስለሚባል፣ መጋዘኑ ለየሠራተኛው በቀን ግማሽ ሊትር ያድላል። እሳቸው ታዲያ ለልጃቸው ያጠጡታል። ሙሉጌታም የወተት ጺሙን ሳይጠርግ ደጃችን መጥቶ «ቅና!» ይለኛል። እኔ ትእዛዝ አክባሪ ነኝ፤ እቀናለሁ። ከትምህርት ቤት መልስ እናቱ አጠገብ ጆንያ ላይ ስለሚውል ያስለው ነበር፤ አስተማሪያችንም አዝናለት መስኮት አጠገብ አስቀመጠችው። በሳሉም ቀናሁ።

አንድ ቀን መረረኝ። ወተት የሚገባው አቧራ ለዋጠ ከሆነ እኔን ማን ከለከለኝ? አጥሩን ዘልዬ፣ ማሽኑ አቧራውን ከሚተፋበት ቱቦ ሥር አፌን ከፍቼ ቆምኩ። አንድ ኩንታል ያህል ዋጥኩ። ከዚያ እያሳልኩ ወተት የሚያድሉት ዘበኛ ፊት ተሰለፍኩ።

«አንተ ደግሞ የማን ነህ?»

«ጋሼ፣ አቧራ ውጫለሁ፤ ወተቴን ይስጡኝ።»

ለቃሚዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ሳቃቸው ወዲያው ሳል ሆነ፤ የሁሉም። እትዬ ዘነበች ብቻ አልሳቁም። ፊቴን በነጠላቸው ጠርገው፣ ገና የተቀበሉትን ወተት በጥርሳቸው ቀደው አፌ ላይ ደቀኑልኝ።

«ጠጣ፣ አንት ቀላዋጭ! ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ!»

ሙሉጌታ ከጆንያው ላይ ምራቁን ሲውጥ አየሁት። «ቅና!» አልኩት። በዕድሜዬ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ዛሬ መጋዘኑ ፈርሶ ባለ ስድስት ፎቅ የገበያ ማዕከል ሆኗል። ባለፈው ከሙሉጌታ ጋር ሦስተኛው ፎቅ ካለው ካፌ ልንቀመጥ ሄድን፤ ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቷል። እኔ ቦርጬን ተሸክሜ ወጣሁ። ዞር ብል የለም። ስመለስ አንደኛው ፎቅ ላይ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ቆሟል፤ ደረቱ እንደዚያ ማሽን ያፏጫል። በአፉ የሚስበውን የአስም መድኃኒት ከኪሱ አውጥቶ ሁለቴ ሳበ፤ ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠረገና፣

«ቅና!» አለኝ።

ክንዱን ይዤ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣን። ላይ ስንደርስ ሁለት ወተት አዘዝኩ።