ክፍት በር የሚደበድበው ሰውዬ

ዶኛ ኤርሜሊንዳ ጋዜጣ ትሸጣለች፤ እኔ ከጎኗ ለቴሬሬ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ለምንጠጣው መጠጥ፣ የሚሆን ቅጠል እወቅጣለሁ። ጋዜጣው ከዋና ከተማው ከአሱንሲዮን በአውቶቡስ ይመጣል። እሷ በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ትሰቅለዋለች፣ ከተማው ቆሞ በነጻ ያነባል፣ የሚገዛ የለም። እኔ ብሆን በመጥረጊያ አባርራቸው ነበር።

የዚያን ሐሙስ የወጣው ሥዕል እንዲህ ነው፦ አንድ ቦርጫም ባለ ማዕረግ ቁመቱን የሚያህል ዱላ ይዞ በር ይደበድባል። በሩ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጥ አንዲት ዶሮ ቁጭ ብላ ታየዋለች። ሰዉ ሳቁን በሳል እየሸፈነ ያልፋል። ከተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።

የኤርሜሊንዳ ልጅ ቪርሂሊዮ ከሰኞ ጀምሮ ታስሯል። ጥፋቱ የፖሊስ አዛዡ ሲያልፍ ባርኔጣውን አለማንሳቱ ነው። እናቱ በየቀኑ የቺፓ ዳቦ ጋግራ ትወስዳለች፤ ዳቦውን ይቀበሏታል፣ ልጁን አያሳዩዋትም። ዳቦውን ማን እንደሚበላው እግዜር ይወቀው።

ረፋዱ ላይ አዛዡ ላሮሳ ዱላውን በብብቱ ሸጉጦ መጣ። ሥዕሉን አየ። ቆይቶ ደግሞ አየ። አንባቢው ሁሉ ድንገት ጉዳይ ትዝ አለው። እኔ ሙቀጫዬን ትቼ የት እሄዳለሁ።

"ይሄ ሰውዬ ማነው?" አለ።

ኤርሜሊንዳ ቴሬሬ እየቀዳች ነበር። በእኛ ዘንድ ኩባያው በተራ ይዞራል፤ ማንንም መዝለል ነውር ነው። የበቃው "አመሰግናለሁ" ይላል፤ ካላለ ይቀዳለታል። በርጩማ አቀረበችለትና ቀዳችለት።

"ይጠጡ ጌታዬ። ስሙ አልተጻፈም።"

"እኔን ይመስላል ይላሉ።"

"ኧረ እርስዎ ይሄን ያህል ቦርጭ የለዎትም!" አልኩ። አፌን በቆረጠው። ላሮሳ ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ።

"ስሚ ሴትዮ፣ ልጅሽ እጄ ላይ ነው። ሥዕሉ ምን ማለት እንደሆነ አስረጂኝ። ከዋሸሽኝ እዚያው ይቀመጣል።"

ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች። እኔ በልቤ "ዋሺ፣ አንቺ ሴት፣ ዋሺ" እላለሁ።

"ሰውዬው በሩ ክፍት መሆኑን አያውቅም" አለች። "የነገረው የለም።"

"ለምን አልነገሩትም?"

"ዱላውን አይተው።"

ላሮሳ ጠጥቶ ኩባያውን መለሰ። አላመሰገነም። ቀዳችለት። ጠጣ፤ ደግሞ ቀዳችለት። በመጨረሻ "አመሰግናለሁ" ብሎ ተነሣ።

"ነይ፣ ልጅሽን ውሰጂው።"

አብሬያት ሄድኩ። ጠባቂው የእስር ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ኪሱን ይዳብሳል።

"ክፈት እንጂ" አለ ላሮሳ።

"ጌታዬ... ቁልፉ ከፋሲካ ጀምሮ ተበላሽቷል። በሩ አይቆለፍም።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

ጠባቂው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ዓይኑ ላሮሳ ብብት ሥር ያለው ዱላ ላይ ነበር።

ኤርሜሊንዳ በሩን በጣቷ ገፋችው፤ ተከፈተ። ቪርሂሊዮ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ፊቱ አብጧል።

"ልጄ፣ እንዴት አንዴ እንኳ አልገፋኸውም?"

"ማን ይገፋዋል፣ እማ?"

አቅፋው አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ከዚያ ባርኔጣውን ከወለሉ አንሥታ፣ አራግፋ፣ ራሱ ላይ ደፋችለት።

በላሮሳ ፊት ሲያልፉ ቪርሂሊዮ እጁን ወደ ባርኔጣው ሰደደ። እናቱ እጁን ያዘችውና አብረው ወጡ።