ሾፌር የሌለው መኪና ያማረኝ ሰሞን

የልጅ ልጄ አስም አለባት። መድኃኒቷን ከሆስፒታል የማመጣው እኔ ነኝ፤ ከሰፈሬ ከአብነት በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ኮሮና የገባ ሰሞን ከዚያ መንገድ በተመለስኩ ቁጥር ሞትን በቀሚሴ ይዤባት የምገባ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሾፌር የሌለው መኪና በስልኳ አሳየችኝ። ውጭ አገር ነው። ስድስት ሰው ተራርቆ ተቀምጦ መኪናው ራሱን ይነዳል።

«እማማ፣ ይሄ ቢኖረን አትፈሪም ነበር። በሩ ላይ ሙቀት ይለካል፤ የታመመ ሰው ከመጣ አይከፍትም።»

«ሾፌሩስ?»

«የለም አልኩሽ እኮ!»

«ታዲያ ማንን ልንሰድብ ነው?»

ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት። ምነው ባልቀለድኩ አልኩ። ያ መኪና ነገ አብነት ቢቆምልኝ ብዬም ተመኘሁ።

በማግስቱ ወደ ሆስፒታል ስሄድ አውቶቡሱ ውስጥ በየወንበሩ አንዳንድ ሰው ነበርን። ተክለ ሃይማኖት ላይ አንዲት ሴት ገባች። ገና ሳትቀመጥ አሳላት።

«ውረጂ!» አለ አንዱ ከኋላ። «ልትጨርሺን ነው? ሾፌር፣ አውርዳት!»

«በርበሬ ነው» አለች። «ከጠዋት ጀምሮ መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ዛላ ስቀነጥስ ነበር።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው!»

ሾፌሩ በሩን መልሶ ከፈተ። ልብሷ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። እዚያ የዋለ ሰው እንደሚያስል መርካቶ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ግን በርበሬ የምትቀነጥስን ሴት ኮሮና አይዛትም ያለው ማነው? ዝም ብል ትወርዳለች፤ እኔም ለልጄ ንጹሕ ሆኜ እገባለሁ። ዝም ልል ነበር።

አንድ እግሯን ደረጃው ላይ ስታሳርፍ አፌ ቀደመኝ።

«አንተ ሾፌር፣ እሷ ከወረደች የሳለ ሁሉ ይውረድ! ያ የሚጮኸውም ቅድም ሲያስል ሰምቼዋለሁ።»

«ኧረ ማዘር፣ የኔ ትንታ ነው!»

«ያንተ ትንታ ከሆነ የሷ ለምን በርበሬ አይሆንም? ወይ ሁለታችሁም ውረዱ፣ ወይ ሁለታችሁም ተቀመጡ!»

ሾፌሩ በመስታወቱ ትክ ብሎ አየኝና በሩን ዘጋ። ያ የስልኩ መኪና ቢሆን ማን ይሰማኝ ነበር?

ክፍት የቀረው ወንበር ግን ከኔ ፊት ያለው ብቻ ነበር። እስክወርድ ድረስ ባሳላት ቁጥር ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ትንፋሼን ያዝኩ።

ቤት ስደርስ መድኃኒቱን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ ጓዳ ገባሁ። ሁለት ሳምንት ከመጋረጃ ጀርባ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም። አትጠጊኝ።»

የልጅ ልጄ አልታመመችም። ብትታመም ኖሮ ግን ያን ቀን ዝም ባለማለቴ ለራሴ ይቅርታ ማድረጌን እንጃ።